ግማሽ ዙር

መጀመሪያ የተሰማው የእግር ድምፅ ነው። ባዶ እግር ሲሚንቶ ላይ ሸርተት ይላል፤ ይቆማል፤ ከዚያ ዱብ የሚል ነገር፣ ከዚያ ዝምታ። ሰይፈ ሥላሴ ዓይኑን ሳይገልጥ እህቱ መሆኗን ዐወቀ። የእሱን መኝታ ከሳሎኑ የለየው ችፑድ ጣራው ጋ ስለማይደርስ፣ በዚያ ቤት ምሥጢር የሚባል ነገር የሚኖረው ሁሉም እንዳልሰማ ለመምሰል ሲስማማ ብቻ ነው። ማርያማዊት ሳይነጋ ተነሥታ ዙሩን ትለማመዳለች፤ በሠርጓ መልስ ቀን ከሙሽራው ጋር የምትደንሰውን፣ ሙሽራው ከአዲስ አበባ በስልክ ቪዲዮ ልኮ «ይቺን ብቻ ልመጂልኝ» ያላትን ዙር። ከጓዳ በኩል ደግሞ እናቱና ትናንት ማታ ከፍላቂት የመጣው አጎቱ ከፋለ ያወራሉ። በሹክሹክታ ለማውራት ታስቦ ነበር፤ ከፋለ ግን ዕድሜውን ሙሉ ገበያ ላይ ገብስ ሲያስማማ የኖረ ሰው ስለሆነ ድምፁን ዝቅ ማድረግ የሚችለው እስከ ተወሰነ ድረስ ነው።

«ከቆረቡ በኋላ ራሱ ያየዋል» አለ ከፋለ። «ያኔ ምን ያመጣል? በሥጋ ወደሙ የታሰረውን ማን ይፈታል?»

እናቱ ወለተ ሩፋኤል አንድ ድስት ከአንዱ ቦታ አንሥታ ሌላ ቦታ አስቀመጠች። «ብቻ እስኪቆርቡ ቀጥ ብላ ትታይልኝ፣ አያ ከፋለ።»

«ትታያለች። ቀሚሱ መሬት ለመሬት ነው፤ እግር ማን ያያል?»

ሳሎን ውስጥ የነበረው የእግር ድምፅ ቆመ።

የማርያማዊት ግራ እግር ፊት የለውም። በተኩሱ ሰሞን ጄሪካን ይዛ ውሃ ፍለጋ ወጥታ ሳለ ያገኛት ፍንጣሪ ጣቶቿን ከነመሠረታቸው ወሰዳቸው፤ የተረፈውን ሐኪም ቆርጦ አስተካከለው። አሁን የጫማዋን ፊት በስፖንጅና በቁራጭ ቆዳ ሞልታ ትሄዳለች፤ ቀስ ስትል ማንም አያውቅባትም፣ ስትቸኩል ብቻ ወገቧ ወደ አንድ ጎን ይወድቃል። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። የማያውቀው ሙሽራው ኢያቄም ነው። የኢያቄም እናት የኩልመስክ ሰው ናቸው፤ እሱ ግን አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ያለው ሰው ነው። ማርያማዊትን ያያት ከዚያ ሁሉ በፊት፣ ለገና ከእናቱ ጋር ላሊበላ በመጣ ጊዜ ነበር። መንገዱም ስልኩም ተዘግቶ ከርሞ ሲከፈት ሽማግሌ ላከ። ፎቶ ጠየቀ፤ ተላከለት፤ ተቀምጣ የተነሣችው። መጀመሪያ ስለ እግሯ ያልተነገረው ማንም ስላልጠየቀ ነው፤ ኋላ ያልተነገረው ደግሞ መጀመሪያ ስላልተነገረ። አባታቸው ቄስ ወልደ ኪዳን አንድ ቀን እራት ላይ፣ ልጁ ያውቃል ወይ ብለው ጠይቀው ነበር። እናታቸው፣ ሳያውቅ ይቀራል ብለው ነው? አለች። እሳቸውም ውሃቸውን ጠጥተው ተነሡ። ከዚያ ወዲህ የጠየቀ የለም።

ሲነጋ ወንዴ መጣ። ወንዴ ቱሪስት በሚመጣበት ዘመን አንድ ሆቴል ውስጥ በየማታው እስክስታ የሚመታ፣ ፈረንጆቹንም ከወንበራቸው እያስነሣ የሚያስጨፍር ልጅ ነበር፤ አሁን የሰው ባጃጅ ይነዳል። ቤንዚን በጥቁር ገበያ ስንት እንደ ገባ ሳይናገር ሰላምታ አይጨርስም፤ ዛሬም እሱን ከተናገረ በኋላ ነው እንዴት አደራችሁ ያለው። እናታቸው ባዕድ ሰው ሴት ልጇን እንዲይዝ ስላልፈቀደች የሚያስተምረው ከደፉ ሳያልፍ ነው። የፕላስቲክ ወንበር እንደ ሴት አቅፎ እግር አጣጣሉን ያሳያል፤ ወንድየው በቀኝ እግሩ ይገባል፣ ሴቲቱ በግራዋ ወደ ኋላ ትለቅለታለች፤ ከዚያ ወደ ጎን፣ ከዚያ እግርን መሰብሰብ፤ ከዚያ ገጽ እየቀየሩ እንደገና፣ መጀመሪያ የቆሙበት ላይ እስኪገጥሙ። «ግባ፣ ጎን፣ ሰብስብ» እያለ ወንበሩን ደጁ ላይ ሲያዞረው የሚያልፉ ሴቶች ቆም ብለው እየሳቁ ይሄዳሉ። እህቱን የሚይዛት ሰይፈ ሥላሴ ነው። ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ ሶፋው ወደ ግድግዳ ተገፍቷል፤ ለሠርጉ የተገዛው ምንጣፍ ከነላስቲኩ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ከላዩ የባለፈው ዓመት የባንክ ካላንደር፣ ገጹ ሐምሌ ላይ የቀረ። በምሥራቁ ግድግዳ የእመቤታችን ሥዕል መጋረጃዋን ለብሳ ተሰቅላለች፤ ከግድግዳው ማዶ ትንሽ ቁልቁል ቤተ ማርያም ነው።

ችግሩም እዚያ ላይ ነበር። ሰይፈ ሥላሴ ከልጅነቱ አቋቋም የተማረ ዲያቆን ነው። መቋሚያ ይዞ ከወዲያ ወዲህ ሲወዛወዝ፣ ሲጎነበስ፣ ወደ ፊት ተራምዶ ወደ ኋላ ሲመለስ ያደረባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው፤ ጀርባውን ለመቅደስ የሰጠበት ሌሊት ግን የለም። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ እንኳ የኋሊት እየሄደ ነው የሚወጣው። እንግዲህ እህቱን ይዞ መዞር ሲጀምር ጭንቅላቱ የወንዴን ትምህርት ያስባል፤ እግሩ ደግሞ የራሱን። ጀርባው ወደ ሥዕሏ ሊዞር ሲል፣ ዙሩ ግማሽ ላይ ሊደርስ ሲል፣ ይቆምና በመጣበት ይመለሳል። ማርያማዊት ይህን ወዳዋለች። ሙሉው ዙር ሲዞር ክብደቷ ሁሉ አንድ አፍታ በግራ እግሯ ፊት ላይ ማረፍ አለበት፤ በወንድሟ አዟዟር ግን እዚያ ከመድረሷ በፊት ትመለሳለች። ስለዚህ በእሱ እጅ ላይ ታምራለች። እናታቸው ከጓዳ ብቅ ብላ አይታ፣ ልጄ እንደ ሰው ዞረች ብላ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ተመልሳለች።

«ዲያቆን፣ ይሄኮ ዙር አይደለም» አለ ወንዴ ወንበሩን አስቀምጦ። «በር ድረስ ሸኝቶ መመለስ ነው። መቋሚያህን ጥለህ መጥተሃል፣ እግርህን ግን እዚያው ማኅሌቱ ላይ ረስተኸው ነው የመጣኸው።»

ማርያማዊት ሳቀች። ሰይፈ ሥላሴም ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቀላ። ወንዴ ቁም ነገሩን ጨመረበት፤ ሙሽራው በተከፈለበት ትምህርት ቤት የተማረ ነው፣ አዙሮ ያመጣታል እንጂ እንዳንተ አይመልሳትም፣ ዛሬ ሳይመጣ አንድ ጊዜ እንኳ ሙሉውን አስለምዳት አለ። እናታቸው፣ ተወው አሁን፣ ለመልስ ቀን ይኸው ይበቃል ብላ ዳቦ በጨርቅ ቋጥራለት እስከ በሩ ሸኘችው፤ በሩ ላይም ስለ ዘይት ዋጋ ያዘችው። ከፋለ ደጅ ተቀምጦ ፊቱን ይታጠባል። በስልኩ ያለው ሙዚቃ አልቆመም ነበርና ወንድምና እህት እጅ ለእጅ እንደ ተያያዙ ቀሩ። ከዚህ ልምምድ ወዲህ ሰው ሳይሰማቸው የሚነጋገሩበት ቦታ ይኸው ብቻ ነው። እናታቸው ካርድ ትጨርሻለሽ ብላ የልጅቷን ስልክ ከያዘች ሰንብታለች፤ ኢያቄም ሲደውልም ድምፁን ከፍ አድርጋ አጠገቧ ትቀመጣለች።

«አንተ ነህ አይደል የምትቀበለው?» አለች ማርያማዊት፣ አፏ ጆሮው አጠገብ ሆኖ።

«ከሰውአገኝ ጋር ነው የምንሄደው።»

«ንገረው።»

እግሩ ተሳሳተ። እሷ ግን መዞሯን አላቆመችም።

«እዚህ ሳይደርስ ንገረው። ካልፈለገ ከዚያው ይመለስ፤ አልቀየመውም፣ በእግዚአብሔር። ሳያውቅ ግን አልቆርብም፣ ሰይፉ። ሥጋ ወደሙ ፊት ቆሜ እግሬን ልደብቅ?»

«አንቺው ብትነግሪው አይሻልም?»

«ለብቻችን ይተዉናል ብለህ ነው? ደግሞ… ፊቱን ማየት አልችልም።» ወደ ጓዳው አየች። «ሰምተሃቸዋል አይደል ጠዋት?»

ሰምቻለሁ አላላትም፤ አልሰማሁምም አላላትም። «እሺ» አለ።

«እሺ በልና እንደ አባዬ ውሃ ጠጥተህ ተነሣ አሉህ።»

«እነግረዋለሁ አልኩሽ።»

እጁን ጨብጣ ለቀቀችው፤ ከዚያ ራሷ ሄዳ ሙዚቃውን አጠፋችው።

ሰውአገኝ የጎረቤት ልጅ ነው፤ የሚነዳት አሮጌ ሚኒባስ ድሮ የሆቴል እንግዳ የምታመላልስ ነበረች፤ ዛሬ በጎኗ ላይ የሆቴሉ ስም ተፍቆ ጥላው ብቻ ቀርቷል። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ቁልቁል ሲወርዱ ስለ ዘንድሮው ሰንጋ ዋጋ አወራ፤ አንድ ሰው ሠርግ ከሚደግስ ቤት ቢሠራ ይሻለዋል አለ፤ ቤት ከሚሠራ ደግሞ ባይሠራ ይሻለዋል አለ። ሰይፈ ሥላሴ መስኮቱን ተደግፎ የሚናገረውን ቃል ያዘጋጅ ነበር። ለእሱም በዚህ ሠርግ ውስጥ ያለ ነገር አለ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ካልመጣለት ወዲህ አስጎብኚ ልሁን ብሎ ነበር፤ የሚጎበኝ ጠፋ። ኢያቄም በስልክ፣ ሠርጉ ይለፍና አንተም ትመጣለህ፣ መደብሩ ሰው ይፈልጋል ብሎታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አይቶት የማያውቀውን መደብር ሲያስበው ያድራል፤ የቀለም ጣሳዎቹን በየመልካቸው ይደረድራቸዋል፤ ማታ በሩን ሲዘጋ፣ መብራቱ አስፋልቱ ላይ ሲያርፍ፣ እህቱ እዚያው ሰፈር ሌላ ቤት ውስጥ እራት አቅርባ ስትጠብቀው ያያል። በዚያ ሕልም ውስጥ የማርያማዊት እግር ሙሉ ይሁን አይሁን አስቦት አያውቅም።

«ሰውየው አውቋል?» አለ ሰውአገኝ ድንገት።

«ዛሬ እነግረዋለሁ። ስንመለስ፣ መንገድ ላይ።»

«ጎበዝ። እንግዲህ እኔ ሹፌር ነኝ፣ አፌን እዘጋለሁ። ያንተ ነው።»

ኢያቄም ከበሩ ሲወጣ ከፎቶው ይልቅ አጠር ያለ፣ ፊቱ ክብ፣ ላብ በላብ የሆነ ሰው ነበር። የሙሽራ ሱፉን ከነሽፋኑ በአንድ እጁ ከፍ አድርጎ ይዞታል፣ መሬት እንዳይነካ፤ በሌላው ካርቶን። ሰይፈ ሥላሴን አቅፎ ጉንጩን ሲስመው ሱፉም አብሮ አቀፈው። ወንድሜ አለው፤ ዲያቆን አለው፤ አባቴ እንዴት ናቸው፣ እናቴ እንዴት ናት ብሎ የእነሱን ወላጆች የራሱ አድርጎ ጠየቀ። ሰይፈ ሥላሴ ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር ብሎ አሰበ። መኪናው ዳገቱን ሲይዝ፣ የመጀመሪያው መታጠፊያ ጋ እነግረዋለሁ አለ በልቡ። እዚያ ሲደርሱ ፍተሻ ነበረና ወረዱ፤ ኪሳቸው ተዳሰሰ፣ መታወቂያ አሳዩ፣ ተሳፈሩ። ከፍተሻ በኋላ ለመናገር አይመችም፤ ቀጣዩ መታጠፊያ ጋ አለ። ቀጣዩ ጋ ኢያቄም ስለ ዳንስ ትምህርቱ ያወራ ነበር፤ መምህሩ ቀጭን ሰውዬ ነው፣ ሲሚንቶ እንደ ተሸከምክ አትራመድ እያለ ይሰድበኛል አለና ሳቀ። ሰውአገኝ በመስታወቱ ውስጥ ወደ ኋላ ያያል፤ ዓይናቸው በተጋጠመ ቁጥር ሰይፈ ሥላሴ ወደ ገደሉ ይመለከታል።

ከዚያ ኢያቄም ካርቶኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከፈተው። የሙሽራ ጫማ ነው፤ ነጭ፣ ተረከዙ ቀጭን፣ ፊቱ ክፍት፤ አውራ ጣት በሚወጣበት በኩል ትናንሽ ፈርጦች ተደርድረውበታል። የእግሯን ቁጥር ከእናቷ ጠይቆ እንደ ገዛው፣ ሻጯ ልጅ ጥፍሯን ቀይ ብትቀባ ያምራል ብላ እንደ መከረችው ተናገረ። ጫማውን ለሰይፈ ሥላሴ አቀበለው። ሰይፈ ሥላሴ በክፍቱ በኩል ጣቱን አስገብቶ አወጣው። ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይመጣም፤ ይህን ያውቃል፤ ቃሉም ተዘጋጅቶ አፉ ላይ ነበር።

«እኔ ምን ጊዜ እንደ ወሰንኩ ታውቃለህ?» አለ ኢያቄም ወደ ውጭ እያየ። «ያን ገና። ጧፍ ይዛ ያንን የድንጋይ ደረጃ እየሮጠች ስትወርድ አየኋት። ሰው ሁሉ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ነው የሚወርደው፤ እሷ እግሯ መሬት የነካ አይመስልም። እናቴን የማን ልጅ ናት አልኳት። እንደዚያ የሚሮጥ ሰው አላየሁም፣ እውነቴን ነው።»

ሰይፈ ሥላሴ ጫማውን ካርቶኑ ውስጥ መልሶ ከተተው። «ያምራል» አለ። ከዚያ በኋላ ያሉትን መታጠፊያዎች አልተመለከታቸውም። ከተማው ሲገቡ፣ ሰውአገኝ መኪናውን በሩ ላይ አቁሞ ሻንጣውን ሲያወርድ አጠገቡ ቆም አለና «አልነገርከውም» አለው፤ ወቀሳም ጥያቄም አልነበረበትም፤ ከዚያ ወደ መኪናው ገብቶ ሄደ።

ቤቱ ተጠርጎ ምንጣፉ ተነጥፏል። እናታቸው እልልታዋን ደጅ ላይ ጨርሳ እንግዳውን እየሳመች አስገባችው፤ ከፋለ ከሶፋው ተነሥቶ የኩልመስክን ዘመዶች እያንዳንዳቸውን በስም ጠየቀ። ቄስ ወልደ ኪዳን ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሱም፤ ዳንስ የሚባል ነገር በቤታቸው ከተጀመረ ወዲህ አምሽተው ነው የሚገቡት። ማርያማዊት አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ በጓዳው በር ላይ ቆማለች፤ እስክትታይ ድረስ አልተራመደችም። ዓይኗ መጀመሪያ የሄደው ወደ ኢያቄም አልነበረም፤ ወደ ወንድሟ ነው። ቅንድቧን በትንሹ አነሣች።

ሰይፈ ሥላሴ፣ ነግሬዋለሁ እንደ ማለት፣ ራሱን ነቀነቀ።

ፊቷ ተለወጠ። ለሁለት ዓመት ያህል አይቶት የማያውቀው ነገር ፊቷ ላይ መጣ፤ ትከሻዋ ወረደ፣ ትንፋሿ ወጣ፣ እንግዳውን ለመሳም ስትሄድም እንደ ወትሮው ቀስ ብላ አልረገጠችም። ኢያቄም ከእሷ ጋር ሲያወራ ዓይን ዓይኑን አየችው። ስለ መንገዱ ጠየቀችው፤ ስለ እናቱ ስኳር በሽታ ጠየቀችው፤ ወንዴ ወንበር አቅፎ እንደሚያስተምራቸው ስትነግረው ሁለቱም ሳቁ። እናቷ ደንግጣ ታያታለች፤ ልጅቷ እንደዚህ አውርታ አታውቅም። ኢያቄም ካርቶኑን ሲከፍትላት ማርያማዊት ጫማውን ጭኗ ላይ አድርጋ ክፍቱን ፊት በጣቷ ዳበሰችው።

«ፊቱ ክፍት ነውኮ» አለችው ቀስ ብላ።

«አዎ። እንደሱ ሲሆን ነው የሚያምረው» አላት።

ሰይፈ ሥላሴ እህቱ ይህን እንዴት እንደ ተረዳችው ፊቷ ላይ አየ፤ ሰውየው ሁሉን አውቆ፣ ምንም እንዳይመስላት፣ ከሰው ፊት እንዳትሸሽግ ብሎ መርጦ የገዛላት መስሏታል። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አንገቷንም ደፋች። እናቷ ከተቀመጠችበት ተነሥታ፣ የሙሽራ ጫማ ከቀኑ በፊት አይለበስም፣ በእኛ ዘንድ አይወደድም ብላ ካርቶኑን ወስዳ ጓዳ አስገባችው። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ አገር ተሰምቶ አያውቅም፤ ከፋለ ግን አዎ አዎ አለ። ጠላ ተቀዳ።

ኢያቄም ስልኩን አወጣና እስቲ ዙሯን እንሞክራት አለ። እናቷ፣ ደክሞሃል፣ ነገ ይሁን አለች። ከፋለ ምንጣፉ አዲስ ነው፣ ያንሸራትታል አለ። ማርያማዊት ግን ተነሥታ መሐል ቆማ ነበር። እጇን ሰጠችው። ከሥዕሏ ፊት ለፊት፣ ጠዋት ከወንድሟ ጋር በቆመችበት ቦታ፣ ያንኑ ሙዚቃ ከፈቱ። ኢያቄም በቀኙ ገባ፤ እሷ በግራዋ ለቀቀችለት፤ ጎን፣ ሰብስብ። ቆንጆ ነበሩ፤ ከፋለ እንኳ ብርጭቆውን ይዞ ፈገግ አለ። ሰይፈ ሥላሴ በሩ አጠገብ ቆሞ የሰውየውን ጀርባ ይመለከት ነበር፤ ወደ ሥዕሏ እየዞረ ነው፤ ዞረ፤ አልቆመም። ማርያማዊት እንደ ለመደችው ለመመለስ ሰውነቷን ወደ መጣችበት ሰጠች፤ ሰውየው ደግሞ ወደ ፊት ይዟት ሄደ። ክብደቷ በሌለው እግሯ ፊት ላይ አረፈ። የወደቀችው ሳትጮህ ነው፤ በጉልበቷ፣ ከዚያ በእጇ፣ ምንጣፉ ላይ።

ኢያቄም ይቅርታ ይቅርታ እያለ ተንበረከከ። እግሯ ተጣሞ ስላየው ጫማዋን ከፊቱ በኩል ያዘ። ጣቶቹ ገቡ። ሥጋና አጥንት ይኖራል ብሎ በያዘበት ቦታ እንደ ዳቦ ልብ የሚሰረጉድ ነገር ነበር። እጁን አነሣና ጫማውን አየው፤ ከዚያ እሷን።

«እግርሽ ምን ሆኗል?» አለ።

ማርያማዊት መልሱን የሚያውቅ ሰው ለምን እንደሚጠይቅ አልገባትም፤ ሊያጽናናት የሚቀልድ መስሏት ፈገግ ልትል ጀምራ ነበር። ፊቱን ስታይ ተወችው። ቀስ ብላ ወደ በሩ ዞረች።

«ሰይፉ፣ አልነገርከውም?»

«ምኑን?» አለ ኢያቄም።

እናታቸው መሶቡን በሁለት እጇ እንደ ያዘች ቆማለች። ከፋለ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ሙዚቃው ይጫወታል። ሰይፈ ሥላሴ ሁሉም እሱን እንደሚያዩት ዐወቀ፤ እህቱ ግን እንደ ሌሎቹ አልነበረም የምታየው፤ ገና ጊዜ እንዳለ፣ ገና ሊናገር እንደሚችል አድርጋ ነው። አሁን ቢናገር አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ቃሉን ያውቀዋል፤ ከጠዋት ጀምሮ ይዞት የዋለ ነው።

«ትናንት ደረጃ ላይ ወለም ብሏት ነበር» አለ። «እንዳይጨምቃት ብላ ሰፊ ጫማ አድርጋ ነው። ስፖንጅ… ስፖንጅ ጠቅጥቃበት።»

«እኔም ይንገሩት ብያለሁኮ» አለ ከፋለ ወዲያው፣ ድምፁ ሞቅ ብሎ። «ልጅ አይደሉ፣ ደስታህን እንዳናበላሽ ብለው ነው።»

ኢያቄም ትንፋሹን በረጅሙ ለቀቀና ሳቀ፤ ከልቡ ነበር የሳቀው። ታዲያ ይሄ ምን ያስደብቃል አለ፤ እሱም ኳስ ሲጫወት ወለም ብሎት ስንት ቀን እንደ ተኛ፣ ጥሩ ወጌሻ ካለ በሦስት ቀን ልክ እንደሚሆን፣ ካልሆነም ዙሯን ትተዋት ቆመው እንደሚወዛወዙ ተናገረ። እናታቸው መሶቡን አስቀመጠችና፣ እሱስ እውነትህን ነው፣ ወጌሻ እናመጣለን፣ እዚሁ ታች ጎበዝ ሴትዮ አሉ አለች። ወሬው እንደገና መሄድ ጀመረ። ወጌሻዋ የማንን ልጅ እጅ እንዳቃኑ ከፋለ አነሣ። ኢያቄም እጁን ለማርያማዊት ዘርግቶላታል፣ ልትነሣ እንድትይዘው።

አልያዘችውም። በራሷ ተነሣች፤ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አስተካከለች፤ ቀሚሷን አራገፈች። ሰይፈ ሥላሴ አሁን ትናገራለች ብሎ ጠበቀ፤ ትሰድበኛለች ብሎ ጠበቀ። ነጠላዋን ከሶፋው ጀርባ አንሥታ አጣፋች። አንዳቸውንም አላየቻቸውም። በእሱ አጠገብ ስታልፍ ትከሻዋ ትከሻውን ነካው፤ እሱም እንድታልፍ ወደ ግድግዳው ተጠጋላት።

ግቢው ውስጥ ቀስ ብላ አልሄደችም። እየቸኮለች ነበር፤ ወገቧ በያንዳንዱ ርምጃ ወደ ግራ ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ይወድቃል። ኢያቄም እጁ እንደ ተዘረጋ በሩ ድረስ መጥቶ አካሄዷን አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ወዲያው አልጠፋም፤ ከአፉ ቀስ በቀስ ነው የለቀቀው።

«ወዴት ናት?» አለ።

ቄስ ወልደ ኪዳን ያን ጊዜ ከውጭ የግቢውን በር እየከፈቱ ነበር። ልጃቸውን ሲያዩ እንደ ልማዳቸው የእጅ መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡና ዘረጉላት። ማርያማዊት በጎናቸው አልፋ ወጣች፤ ሳትሳለም።